ጥፋተኛ ሆኖ ማለም ጥፋተኛ አያደርግም

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሥነ አእምሮ ነርስነት ስሠራ 11ኛ ዓመቴ ነው። «ሕልሜ ጥፋቴን አወጣብኝ» የሚል ሰው ያላገኘሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። በታማሚዎቹ አልቆጣም፤ የምቆጣው ይህን በሚያስተምሯቸው ሕልም ፈቺዎች ነው።

ቀላሎቹን ላስቀድም። አረቄ የተወ ሰው በሕልሙ ሲጠጣ አድሮ እያፈረ ቢነቃ ሊመለስበት ነው ማለት አይደለም። መጠጥ ባቆሙ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ሕልም ነው።

«መሮጥ አቃተኝ፣ ድምፄ ታፈነ» ማለትም መተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ቺካጎ ላይ ተለይቶ በታወቀው፣ ዓይን ከቆቡ ሥር በሚንቀዠቀዥበት የእንቅልፍ ክፍል፣ አንጎል የእጅና የእግር ጡንቻዎችን ያዝላል። ጡንቻው ሳይፈታ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ዱካክ የምንለው ይመጣል።

ከሁሉ የሚብሰው «ያለ ጥፋት የጸጸት ሕልም አይታይም» የሚለው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ባለቤቱ ይዛው መጣች። በሕልሙ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ፍሬኑ እምቢ ይለዋል፤ ከፊቱ ልጅ ቆሟል። ሲነግረኝ ቀኝ እግሩ የክፍሉን ሲሚንቶ እየረገጠ ነበር። አንድ ፈቺ «የሰው ደም አለብህ» ካለው ወዲህ መሪ ሳይጨብጥ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሰው ገጭቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ በፍጹም አለ። ባለቤቱ ግን «የደብረ ሲናውን ቆሎ ሻጭ ልጅ ለጥቂት አልሳትከውም?» አለችው። አቀረቀረ።

ነገሩ ይኸው ነው። በሕልም ጊዜ ፍርሃትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ይበረታል፤ አመዛዝኖ «ይህ እኮ አልሆነም» የሚለው የግንባሩ ክፍል ይደክማል። ሊሆን የነበረው እንደሆነ ተደርጎ ይታያል። የሰውየውን ውሎ ሳይጠይቅ ደም የሚያሸክም ፈቺ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፤ ሹፌሩ ያን ቃል ከሰማ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ የነበረው ቅዠት አራት ጊዜ ሆነበት።

መድኃኒቱ ቀን ላይ ነው። የሕልሙን መጨረሻ ራሱ ለውጦ እንዲጽፍና በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዓይነ ሕሊናው እንዲያየው ነገርሁት። እሱ የጻፈው፦ ፍሬኑ ይይዛል፤ መኪናውን ጥግ ያቆማል፤ ወርዶ ከልጁ ሁለት ስኒ ቆሎ ይገዛል።

በእውነት የበደላችሁት ሰው ካለ ሽማግሌ ላኩና ካሱ፤ ለዚህ ሕልም መጠበቅ አያስፈልግም። ለደም ግፊት እንደሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችም ቅዠት ሊያመጡ ይችላሉ፤ በገዛ እጃችሁ ሳታቋርጡ ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩ። እንቅልፍን እስከ መፍራት ወይም ሞትን እስከ መመኘት ከደረሳችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሹፌሩ ይህን ልምምድ በጀመረ በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሥራው ተመለሰ። ቅዠቱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቶበታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነሥቶ ውሃ ጠጥቶ ተመልሶ ተኝቷል።