ቪዲዮ ማየትና በእጅ መሥራት ለየቅል ናቸው

አይቲ መማር የጀመሩ ልጆች ሲያወሩ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም አምን ነበር።

«ቪዲዮውን ካየሁት ገብቶኛል።» ይሄ የኔ ነበር። የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ላይ ኮኔክተር መግጠም ምን ያስቸግራል? 8 ቀጫጭን ሽቦ ነው። ቪዲዮ አየሁ፣ ክሪምፐር (ኮኔክተሩን ኬብሉ ላይ ጨምቆ የሚያጣብቅ መሣሪያ) ተዋስኩ፣ ጥንድ ጥንዱን ቀለም ጎን ለጎን አድርጌ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ዓይነት ገጠምኩ። ኬብል መፈተሻው ቴስተር ላይ 8ቱም መብራት በራ። ፋይል ሲላክ ግን መከራ ነው፤ ይንቀራፈፋል፣ ይቋረጣል። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ለጌጥ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከውጭ የሚገባውን ረብሻ የሚቀንሰው መጠማዘዙ ነው፣ 3ኛና 6ኛ ቦታ ላይ የሚገቡት ደግሞ ከአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ የኔዎቹ ከተለያየ ጥንድ ነበሩ። ለዚህ ነው በተለመደው አደራደር ነጭ አረንጓዴው 3ኛ፣ አረንጓዴው 6ኛ ሆኖ ሰማያዊዎቹ መሃል የሚገቡት። ቪዲዮው ላይ አይቼዋለሁ እኮ! እጄ ሲገባበት ጠፋኝ።

«ግሩፕ ላይ የጀማሪ ጥያቄ ያሳፍራል።» ምኑ? እ.ኤ.አ. በ1991 የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በትርፍ ጊዜው ስለጀመረው ሥራ ጽፎ፣ ሚኒክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ምን እንደሚወዱና እንደሚጠሉ የማያውቃቸውን ሰዎች በኢንተርኔት ጠየቀ። ያ ሥራ ዛሬ ሊኑክስ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሲስተም። ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ «ሰላም፣ ሊኑክስ የሚችል አለ?» ብሎ ዝም የሚለውን ማን ይርዳው? ምን ልትሠሩ እንደነበር፣ የመጣውን የስህተት መልእክት ቃል በቃል፣ እስካሁን የሞከራችሁትን ጻፉ። አንዳንዴ ጽፋችሁ ሳትጨርሱ መልሱ ራሱ ይመጣላችኋል።

«ውድ ላፕቶፕ ያስፈልጋል።» ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ይሆናል። 4 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) በሚፈጥረው በነፃው ቨርቹዋልቦክስ፣ ዴስክቶፕ የሌለው (በጽሑፍ ትዕዛዝ ብቻ የሚሠራ) ደቢያን የሚባል የሊኑክስ ዓይነት ለመለማመድ 1 ጊጋ ብትሰጡት ይበቃዋል።

«ያለ ዲግሪ አይሆንም።» ግማሽ እውነት አለበት፣ አልዋሽም። ወረቀት ካላዩ ሲቪ የማይከፍቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ።

«ብዙ ላይክ ያገኘ መልስ ልክ ነው።» መልሱ የተጻፈው የዛሬ አሥር ዓመት ለነበረ ቨርዥን ሊሆን ይችላል። በሱዶ (sudo) የሚጀምር የሊኑክስ ትዕዛዝ ደግሞ በሙሉ ሥልጣን ነው የሚሠራው፤ አጥፋ ከተባለ ያጠፋል። ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚሠራ እዩ፣ ከዛ ቨርቹዋል ማሽኑን ስናፕሾት (የአሁን ሁኔታውን ቅጂ) ይዛችሁ እዛው ሞክሩት። ቢፈርስም ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ።