ማታ ተዘፍዝፎ ጠዋት የሚጠጣ ሻይ፣ ለአዳማ ሙቀት

አዳማ ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ቀትር ላይ ትኩስ ሻይ ጭራሽ አያምርም። ብዙ ሰው ያኔ ለስላሳ ይገዛል። ግን ቅጠልና ፍራፍሬ ማታ ዘፍዝፎ፣ ጠዋት አጥልሎ መጠጣት ይቻላል፤ ለእኔ ከለስላሳው በብዙ ይሻላል።

ነገሩ ቀላል ነው። ፍል ውሃ በደቂቃዎች የሚያወጣውን ጣዕም ቀዝቃዛ ውሃ በሰዓታት ያወጣዋል። ሁሉንም ግን እኩል አያወጣም። አፍን የሚያደርቀውና የሚመረው ታኒን በደንብ የሚወጣው በሙቀት ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ የተዘፈዘፈው ለስለስ ይላል፣ ስኳርም ብዙ አይፈልግም። ሻይ የምንለውም በልማድ ነው። ከርከዴ (ደርቆ የሚሸጠው ቀይ አበባ)፣ ናና፣ ጠጅ ሳር የሻይ ቅጠል ስላልሆኑ ካፌይን የለባቸውም፤ ማታ ቢጠጡም እንቅልፍ አይነሱም።

ለጀማሪ ከርከዴን የሚያህል የለም። ሱዳንና ግብፅ ውስጥ ትኩስም ቀዝቃዛም ይጠጣል። ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ከርከዴ ይበቃል፤ በ4 ሰዓት ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ሎሚ አይጨመርበትም። የደም ግፊት ዝቅ ስለሚያደርግ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጦስኝ ከደጋ ደርቆ የሚመጣ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ናና እርጥብ ከሆነ በእጅ ጨመቅ አድርጎ መክተት ነው። ቀረፋ ግን በቀዝቃዛ ውሃ እሺ አይልም፣ መጀመሪያ ትንሽ ይፍላ። ጤና አዳምን እርጉዝ ሴት አትሞክረው።

ከፍራፍሬ አናናስና እንጆሪ ጥሩ ናቸው። ብርቱካን ሲሆን ነጩ ልጣጭ ይነሳ፣ ካደረ ይመራል። ማንጎ ይሟሟና ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ እሱን ጁስ ማድረግ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሃው። ቀዝቃዛ ውሃ ጀርም አይገድልም፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የቧንቧ ውሃ ተንፈቅፍቆ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይፍላ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ነው የሚዘፈዘፍበት። ደረቅ ቅጠል ሜዳ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ መጀመሪያ የፈላ ውሃ እስኪሸፍነው አፈስበትና ትንሽ ቆይቼ ነው ቀዝቃዛውን የምሞላው። ጣዕሙ ብዙም አይቀየርም፣ ልብ ግን ያርፋል። ጆጉን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ማቆየት አይገባም፤ ለብ ያለ ውሃ ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ቦታው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ በ2 ቀን ውስጥም ይጠጣ። መብራት ሄዶ ለብዙ ሰዓት ከቆየ፣ ቢያሳዝንም ይደፋ።

ሌላው ፍሎራይድ ነው፤ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ ማዕድን። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ በወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። የሻይ ቅጠልም በተፈጥሮው ፍሎራይድ ያከማቻል። ስለዚህ ጥርሳቸው ገና ለሚያድግ ልጆች፣ ከታወቀ ንጹሕ ውሃ የተዘጋጀ ናና ወይም ከርከዴ ከጥቁር ሻይ ይመረጣል።

ወንጂን ካነሳን ስኳሩም አለ። የመጀመሪያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው እዚያው፣ አዳማ ጎረቤት ነው። ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ ታች ይዘቅጣል። እኩል ስኳርና ሙቅ ውሃ አሟሙቶ፣ አቀዝቅዞ በጠርሙስ ማስቀመጥ ይገላግላል። ማርም እንዲሁ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል።

ሲጠለል የሚቀረው ከርከዴ ለሁለተኛ ዙር አይሆንም፣ ጉልበቱ አልቋል። ከከርከዴው ጋር የተዘፈዘፈ አናናስ ግን አይጣልም። ቀልቶና ቀዝቅዞ ስለሚወጣ እኛ ቤት ልጆች ይሻሙበታል።