«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ከማን አፍ ወጣ?

በቅርቡ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ፣ ካፒታሊዝም በምዕራቡ ዓለም ቀድሞ የፋፋበትን ምክንያት ያስረዱ የነበሩ ተናጋሪ፣ የምሥራቁ ሰው ባህሉ ለሥልጣን መስገድ በመሆኑ ሀብቱ አልበረከተለትም አሉና «እኛስ ብንሆን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ስንል የኖርን አይደለን?» ብለው ደመደሙ። አባባሉ የፍርሃት ምስክር ሆኖ ሲቆጠር ስሰማ ቅር አለኝ፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ይህ ቃል የአራሽ ቃል ነውና።

ከመሬት አዋጁ በፊት፣ ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ ሲያርስ ከኋላው እየተከተልኩ ጓል እከሰክስ ነበር። እርፉን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ጅራፉን በሌላው ይዞ፣ መሀል እርሻው ላይ እየዘፈነ ይሄዳል፤ የድንበሩ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። በሬዎቹን አቁሞ፣ ማረሻውን ከአፈር አውጥቶ፣ ድንጋዩን ሳይነካ ጥጉ ላይ የቀረችውን ስንዝር መሬት በትዕግሥት ይገለብጣታል። ለዚህች ምን ያደክምሃል ብዬ ብጠይቀው፣ «ዘንድሮ ያላረስኳትን ለከርሞ ዳኛ ፊት ቆሜ የእኔ ናት ብል ማን ይሰማኛል?» አለኝ።

የአባባሉ ምንጭ ለእኔ እዚህ መልስ ውስጥ ነው። በርስት አገር መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት በመወለድ ነበር፤ ትውልዱም በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር ይገባኛል ባዩ ብዙ ነው። ስለዚህ ርስት የሚጸናው በማረስና በመክሰስ ነበር፤ ያላረሰ ይዞታው ይላላል፣ ያልተሟገተ ይነቀላል። ሁለቱ ግሦች ጎን ለጎን የቆሙት ቤት ስለሚመቱ ብቻ አይመስለኝም። አራሹ የመብቱን ዳርቻ በያዛቸው ሁለት መሣሪያዎች ለክቶ፣ ማረሻዬ የማይደርስበት ሰማይ አለ፣ ክሴ የማይደርስበትም ንጉሥ አለ ማለቱ ነው። አነባበቡም ይህን ያግዘኛል፦ የ«አይከሰስ» መካከለኛ «ሰ» ሲጠብቅ ያለውን ነገር መናገር ነው፣ ሲላላ ግን ክልከላ ይሆናል። አጎቴ አጥብቆ ነበር የሚናገረው። አላልቶ የሚናገረው የቤተ መንግሥት ሰው ነው እላለሁ፤ ማስረጃዬ የአጎቴ አንደበት ብቻ ቢሆንም ከዚህ እምነቴ የሚነቀንቀኝ አላገኘሁም።

ተናጋሪው የዘነጉት፣ ምዕራቡም በዚሁ ሐሳብ ሥር የኖረ መሆኑን ነው። የእንግሊዝ ሕግ «ንጉሥ አይበድልም» የሚል መርሕ ነበረው፤ ዘውዱን፣ ማለትም በንጉሡ ስም የቆመውን መንግሥት፣ እንደ ማንኛውም ሰው የጉዳት ካሣ እንዲከፍል መክሰስ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣ ሕግ ነው። ነገሩ ቀደም ብሎ መላላት የጀመረው በዕዳ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1672 ዳግማዊ ቻርልስ ከለንደን ወርቅ አንጥረኞች የተበደረውን ገንዘብ አልከፍልም ብሎ አገደ፤ አበዳሪዎቹ ግን ነገሩን አልተዉትም፣ ክርክሩ ከዓመታት በኋላ በ1700 የመጨረሻ ፍርድ ሰጪም በነበረው በጌቶች ምክር ቤት ለእነርሱ ተፈረደ። በዚህ መካከል ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጥል በ1689 ተደንግጎ ስለነበር፣ ብድሩም በንጉሡ ቃል ብቻ ሳይሆን ፓርላማው በፈቀደው ግብር ስለሚዋስ፣ በ1694 የተቋቋመው የእንግሊዝ ባንክ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ ለመንግሥት ሊያበድር ቻለ። ገንዘብ ከየጓዳው የወጣው ተበዳሪው ንጉሥ በሕግ ከተያዘ በኋላ ነው።

በኦቶማን ግዛት ደግሞ ሹም ሲሻር ወይም ሲሞት ሀብቱ ለሱልጣኑ ይወረስ ስለነበር፣ ብዙ ባለጸጋ ንብረቱን ወቅፍ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ ለበጎ ሥራ የተለየ ንብረት፣ አድርጎ በፈጣሪ ስም ያስቀምጥ ነበር። ሱልጣኑን መክሰስ ባይቻልም ሱልጣኑም ፈጣሪን ይፈራል፤ የዙፋኑ ሕግ ባዶ በተወው ቦታ ሃይማኖት አጥር ሆኖ ገባ። ዳሩ ግን ወቅፍ የሆነ ንብረት አይሸጥም፣ ዓላማውም በቀላሉ አይለወጥም፤ ከመወረስ የዳነው ሀብት በዚያው ታስሮ ቀረ። ያለ ፍርድ መውረስ እንዲቀር ቃል የተገባው እ.ኤ.አ. በ1839 በሱልጣኑ የጉልሃኔ አዋጅ ነው። ይህን ሁሉ የምሥራቅ ሰው ጠባይ ብሎ ማለፍ ባለጸጋው የነበረበትን ጭንቀት አለማየት ነው።

የእኛውም አባባል በሕግ ተጽፏል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ማንም ሊከስ አይችልም ሲል ልማድን ጠቅሷል፤ በዚያው አንቀጽ ግን መንግሥትንና መሥሪያ ቤቶቹን መክሰስን ፈቅዷል። ዛሬ አባባሉን የሚጠቅሱት ይህን ሁለተኛውን ክፍል ጥለውት ነው። ውሉ የፈረሰበት ነጋዴ ሳይቀር «ሰማይ አይታረስ» ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል፤ የበደለው ግን አንድ የቢሮ ኃላፊ ነው። አጎቴ ይህን ቃል እየደጋገመ፣ በሶውን በአገልግል ይዞ፣ የአጥቢያውን ሹም ለመክሰስ ሦስት ክረምት በእግሩ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ተመላልሷል።