ጨረራ፦ ከብየዳ ፍተሻ እስከ ልብ ምርመራ

ጨረራ አይታይም፣ አይሸትም፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍም አይሰማም። የነዳጅ ቧንቧ ብየዳ የሚፈትሸው ቴክኒሻን፣ ከቅመም ላይ ጀርም የሚያጠፋው የምግብ ባለሙያ፣ የሐይቅ ደለል የሚያጠናው የአካባቢ ተመራማሪና የልብ ሕመምተኛ የሚመረምረው ሐኪም ግን ሥራቸውን የሚሠሩት በእሱ ነው። የሚተማመኑበትም ጠባይ አንድ ነው፤ ጨረራ ሌላው የማያልፈውን ያልፋል፣ ባለፈበት ምልክት ይተዋል፣ ምልክቱም እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ይለካል። እዚህ ላይ የምናወራው ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ማውጣት ስለሚችለው፣ አዮናይዚንግ ስለሚባለው ጨረራ ነው። የስልክና የሬዲዮ ሞገድ ለዚህ የሚበቃ ጉልበት የለውም።

ነገሩ የተጀመረው በኖቬምበር 1895 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ቪልሄልም ሮንትገን በጨለመ ክፍል ውስጥ በጥቁር ወረቀት ከሸፈነው ቱቦ ራቅ ብሎ ያለ፣ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኤክስሬይ በተባለው በዚህ ጨረራ የባለቤቱን የእጅ አጥንት ከነቀለበቷ በፎቶ አነሳው። በተከታዩ ዓመት ሄንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ያለ ምንም ቀስቃሽ ከራሱ ጨረራ እንደሚያወጣ ደረሰበት፤ ማሪና ፒዬር ኩሪ ደግሞ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ።

የጨረራ መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። አንድ ኪሎግራም የሚመዝን ነገር አንድ ጁል ጉልበት ሲውጥ 1 ግሬይ ተቀበለ ይባላል። በሙቀት ሚዛን ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንድ ሰው በመላ አካሉ ላይ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ግሬይ ቢያርፍበትና ሕክምና ባያገኝ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የሰውነቱ ሙቀት ግን የሚጨምረው በአንድ ሺሕኛ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጉዳቱን የሚያመጣው የዲኤንኤ መበጣጠስ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። የምግብ ማቀነባበሪያውም የሚጠቀመው በዚሁ ነው። 10 ኪሎግሬይ፣ ማለትም 10 ሺሕ ግሬይ የተቀበለ ውሃ የሚሞቀው 2.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው። ጀርሙ ይሞታል፣ ምግቡ ግን አይበስልም።

ምግቡ የሚያልፍበትን ክፍል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ግድግዳው ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው። መግቢያው የሚጠማዘዝ መተላለፊያ ነው፤ ጨረራ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ በየመታጠፊያው ያለው ግድግዳ ያስቀረዋል። ከወለሉ በታች ጥልቅ የውሃ ገንዳ አለ። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ጨረራውን የሚያመነጩት የኮባልት-60 ዘንጎች እዚያ ታች ናቸው፤ ውሃውም በዙሪያቸው ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። ሥራ ሲጀመር ዘንጎቹ ከውሃው ይወጣሉ፣ የታሸጉት ካርቶኖችም በማጓጓዣ ላይ ሆነው ዙሪያቸውን ይዞራሉ። ሁለቱም ጎናቸው እንዲደርሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሲወጡ በካርቶኑ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ምልክት ከቢጫ ወደ ቀይ ተለውጣለች። ለዓይን የሚታይ ሌላ ለውጥ የለም።

መጠኑ እንደ ዓላማው ይለያያል። ድንችና ሽንኩርት እንዳያበቅሉ ለማድረግ 0.15 ኪሎግሬይ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። በፍራፍሬ ውስጥ ያለ ነፍሳት እንዳይራባ ለማድረግ እስከ 1 ኪሎግሬይ ይሰጣል። ቅመም ግን እስከ 10 ኪሎግሬይ ይቀበላል፤ ሙቀት መዓዛውን ስለሚያጠፋበት ይህ መንገድ በእጅጉ ይስማማዋል። የዓለም የጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ፣ በአማካይ እስከ 10 ኪሎግሬይ የተቀበለ ምግብ የመመረዝ ስጋት እንደማያመጣ በ1980 ደምድሟል። ያም ሆኖ ዘዴው ሁሉን ቻይ አይደለም። ባክቴሪያ ቀድሞ ያመነጨውን መርዝ አያጠፋም፣ ቅባት የበዛበትን ምግብ ጣዕሙን ሊያበላሽ ይችላል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምግቡ ራሱ ጨረራ የሚያመነጭ ይመስለዋል። ይህን ማጥራት ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። በጨረራ መታከምና በጨረራ አመንጪ ቁስ መበከል ለየቅል ናቸው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ እህል ጎተራ ሲገባ አያበራም። ከኮባልቱ የሚወጣው፣ ለምግብ የተፈቀደው ጋማ የሚባል ጨረራም የአቶምን እምብርት ለመለወጥ የሚያስችል ጉልበት የለውም፤ በኮባልት ፈንታ የሚያገለግለው የኤሌክትሮን ጨረርም የጉልበት ገደብ የተበጀለት ለዚሁ ነው። መበከል ማለት አመንጪው ቁስ ራሱ፣ እንደ አቧራ፣ ምግቡ ላይ ወይም ውስጡ ሲገባ ነው።

በቁሳቁስ ምርምር በኩል ታሪኩ አጠር ይላል። ማክስ ፎን ላውዌ በ1912 ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ሥርዓት ያላቸው ነጥቦች እንደሚፈጥር አሳየ፤ አባትና ልጅ ብራግ ከነጥቦቹ ተነስተው የአቶሞቹን አቀማመጥ ማንበብ ቻሉ፣ በ1915ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ልጁ ያኔ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በኢንዱስትሪ ደግሞ ጨረራ አመንጪው ኢሪዲየም-192 ከብየዳው በአንዱ በኩል፣ ፊልሙ በሌላው በኩል ይደረግና ስንጥቁ ፊልሙ ላይ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ጨረራ ቁስን ይቀይራልም፤ የፖሊኢትሊን ፕላስቲክን ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲያስተሳስራቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን በሙቀት የማይቀልጥ ይሆናል።

በአካባቢ ጥበቃ ዘርፍ የሚያስደንቀኝ የሐይቅ ጭቃ ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ሥር ረጅም ቱቦ ሰክተው ደለሉን እንደ ተደራረበ ያወጡታል፣ ከዚያ በየሴንቲሜትሩ ይቆራርጡታል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ሊድ-210 የሚባል ጨረራ አመንጪ እርሳስ አለ፤ ይህ ከአየር የሚወርድ እርሳስ በ22 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ወደ ታች በተሄደ ቁጥር ማነሱ የቁራጩን ዕድሜ ይናገራል። ሌላው ጨረራ አመንጪ ቁስ፣ ሲሲየም-137፣ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ጎላ ብሎ ይገኛል፤ ያም በአየር ላይ የተፈተኑት የኒውክሌር መሣሪያዎች ብናኝ በብዛት የወረደበት 1963 ነው። ዓመቱ እንዲህ ከታወቀ፣ የአፈር መሸርሸር መቼ እንደ በረታና የፋብሪካ ሜርኩሪ መቼ ሐይቁ እንደ ገባ ከጭቃው ይነበባል።

ወደ ሕክምና ስንመጣ ሐሳቡን የጀመረው ጆርጅ ደ ሄቬሲ ነው። በ1923 ጨረራ አመንጪ እርሳስ ለባቄላ ተክል ሰጥቶ ከሥር ወደ ቅጠል የሚሄድበትን መንገድ ተከተለ፤ ለመከታተያ ዘዴውም የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ። ዛሬ የባቄላውን ቦታ የያዘው የሰው አካል ነው። ኤክስሬይ፣ በተለምዶ ራጅ የምንለው፣ የአካልን ቅርጽ ያሳያል፤ ጨረራ አመንጪ ቁስ ወደ አካል የሚያስገባው የኒውክሌር ሕክምና ግን ሥራውን ያሳያል። በብዛት የሚያገለግለው ጨረራ አመንጪ፣ ቴክኒሺየም-99ኤም፣ በ6 ሰዓት በግማሽ ስለሚቀንስ ከሩቅ ማመላለስ አይመችም። ሆስፒታሎች የሚቀበሉት በ66 ሰዓት ግማሽ የሚሆነውንና ወደ ቴክኒሺየም የሚለወጠውን እናቱን፣ ሞሊብዲነም-99ን፣ በእርሳስ በታጠረ ትንሽ ዕቃ ነው። ጠዋት ጠዋት ባለሙያው ጨዋማ ውሃ ያሳልፍበታል፤ ሞሊብዲነሙ ይቀራል፣ ቴክኒሺየሙ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ላም እንደ ማለብ ነው፤ ባለሙያዎቹም «ማለብ» ይሉታል። የታለበው ከተስማሚ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ በደም ሥር ሲሰጥ፣ የልብ ጡንቻ የትኛው ክፍል ደም እንዳጣ በካሜራ ይታያል።

አደጋው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ባለቤት ሲያጣ ነው። በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ከተተወ ክሊኒክ ውስጥ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ተወስዶ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ውስጡ የነበረው የሲሲየም-137 ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ስለነበር ሰዎች ለዘመድ ወዳጅ አካፈሉት፣ ገላቸውንም ቀቡት። 249 ሰዎች ተበከሉ፣ አራቱ ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከ112 ሺሕ በላይ ሰው ተመረመረ።

ባለሦስት ክንፉ የታወቀው የጨረራ ምልክት ለማያውቀው ሰው የአየር ማራገቢያ ይመስላል። ስለዚህ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲውና ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2007 ሌላ ተጨማሪ ምልክት አወጡ፤ በቀይ መደብ ላይ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው። የሚለጠፈው ምንጩን በያዘው ክፍል ላይ ነው፤ መሣሪያው በደህና ሲሠራ አይታይም፣ ሽፋኑን የሚፈታ ሰው ግን ምንጩ ጋ ከመድረሱ በፊት ያየዋል።