ስለ ኤስቢአይአር ብር የሚወራው እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መድሃኒት፣ የምርመራ ኪት ወይ የህክምና መሳሪያ ለመስራት የሚታገል ትንሽ ካምፓኒ ብር ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያስበው ኢንቬስተር ነው። ለሱ ተብለው የተሰሩ ሁለት የፌደራል ፕሮግራሞች ግን አሉ፣ ኤስቢአይአር (ለትናንሽ ካምፓኒዎች ምርምር የሚሰጥ ብር) በ1982 እኤአ የወጣ ነው፣ ኤስቲቲአር (ካምፓኒው ከምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የሚሰራበት) ደግሞ በ1992 ተጨመረ፣ በጤናው በኩል ዋናው ሰጪ ኤንአይኤች፣ ማለትም የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ነው። ስለነሱ የሚወራው ብዙ ነገር ስህተት ነው እና ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥሩ ሀሳብ ያላቸው ሰዎች ሳይሞክሩት ይተዉታል።

«የፕሮፌሰሮች ብር ነው» ይላሉ። በፍፁም! አመልካቹ ለትርፍ የተቋቋመ ካምፓኒ መሆን አለበት፣ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በቀጥታ ማመልከት አይችልም። ሰራተኞቹ ከ500 መብለጥ የለባቸውም፣ በአብዛኛው ደግሞ ከግማሽ በላይ ባለቤትነቱ የአሜሪካ ዜጎች ወይ ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች መሆን አለበት (ቬንቸር ካፒታል፣ ማለትም በጀማሪ ካምፓኒዎች ላይ ብር የሚያፈሱ ድርጅቶች፣ ለያዛቸው የተለየ መንገድ አለ)። ኤንአይኤች ጋ ምርምሩን የሚመራው ሰው ዜጋ መሆን ግዴታው አይደለም፣ በህጋዊ መንገድ እዛ መስራት ከቻለ ይበቃል፣ ፒኤችዲም የግድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው፦ በኤስቢአይአር መሪው ዋና ስራው ካምፓኒው ውስጥ መሆን አለበት፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ጊዜው። ዩኒቨርሲቲውን መልቀቅ ካልፈለገ ኤስቲቲአር ይሻለዋል፣ እዛ ካምፓኒው ቢያንስ 40 ፐርሰንት፣ የምርምር ተቋሙ ቢያንስ 30 ፐርሰንት ስራውን ከሰሩ መሪው ተቋሙ ውስጥ እንደተቀጠረ መቀጠል ይችላል።

«መንግስት ብር ከሰጠ ፈጠራውን ይወስዳል» የሚለው ፍርሃት ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። መንግስት ከካምፓኒው አንድም ሼር አይወስድም። በ1980 የወጣው የባይ-ዶል ህግ የፈጠራው ባለቤትነት ካምፓኒው ጋ እንዲቆይ ይፈቅዳል፣ መንግስት የሚይዘው ለራሱ አገልግሎት ያለ ክፍያ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ግን ግዴታም አለው፣ ፈጠራውን በጊዜው ለኤጀንሲው ሪፖርት ማድረግ አለብህ፣ ይሄን ዝም ብለህ ካለፍከው መብትህን ልታጣ ትችላለህ፣ ስለዚ ላብራቶሪ ውስጥ አዲስ ነገር ሲገኝ ለጠበቃ ቶሎ መንገር ነው እንጂ ፔፐሩ እስኪወጣ መጠበቅ አይደለም።

ብድርም አይደለም፣ አይመለስም። ታክስ ግን ሊነካው ስለሚችል አካውንታንት ማማከር ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው ብሩ ቢዝነስ ለማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሲመስለው ነው። ብሩ የሚሰጠው ለምርምር ጥያቄ ነው፣ ይሰራል ወይስ አይሰራም የሚለውን ለማወቅ፣ ኢንቬስተር ገና አደጋው በዝቶበት በሚሸሽበት ደረጃ ላይ። ብሩ በደረጃ (ፌዝ) ነው የሚሰጠው፣ ፌዝ 1 ሀሳቡ የሚሆን መሆኑን ማሳያ ነው፣ ከ6 ወር እስከ አንድ አመት፣ ኤንአይኤች ጋ ወደ 300 ሺህ ዶላር አካባቢ። ፌዝ 2 ሁለት አመት ገደማ ሆኖ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ፌዝ 3 ላይ ምርቱን ገበያ የምታወጣው ከሌላ ቦታ በምታመጣው ብር ነው፣ የፕሮግራሙ ብር እዛ አይደርስም። ስለዚ ማመልከቻህ ላይ ስለ ማስታወቂያና ሽያጭ ሰራተኛ ከፃፍክ ገምጋሚዎቹ ወዲያው ያዩታል። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፣ እስከ 7 ፐርሰንት «ፊ» መጠየቅ ይቻላል፣ እሱ የካምፓኒው ትርፍ ነው፣ የምርምር በጀቱ የማይሸፍናቸውን ነገሮች መክፈያ ይሆናል።

«ዳታ ከሌለኝ አይሆንም» ለሚሉት፦ ለፌዝ 1 ቅድመ ውጤት ግዴታ አይደለም። ካለህ ግን አሳየው፣ ይረዳሃል።

«ፕሮግራም ኦፊሰሩን (ኤንአይኤች ውስጥ የዘርፉን ድጋፍ የሚከታተለውን ሰው) ማነጋገር ክልክል ነው» ብለው የሚፈሩም አሉ። እንደውም ለግራንት ማመልከቻ ኤንአይኤች ራሱ አነጋግሩ ነው የሚለው! ውስጡ 27 ኢንስቲትዩቶችና ማዕከሎች አሉ፣ የካንሰር፣ የልብ፣ የአይን እያለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ትኩረት አለው። አላማህን አንድ ገፅ ላይ ፅፈህ ብትልክለት ትክክለኛው ቦታ መሆን አለመሆንህን ይነግርሃል፣ የወራት ልፋት ያድንልሃል፣ እኔ ብጠየቅ ከሁሉም በፊት አድርጉት የምለው ይሄን ነው።

አንዴ ተጥሎ ተስፋ የቆረጠም ብዙ ነው። ገምጋሚዎቹ የሚሰጡት ነጥብ ከ10 እስከ 90 ነው፣ ትንሹ ነው ጥሩው፣ ደካማ የተባሉት ማመልከቻዎች ስብሰባው ላይ ጭራሽ ውይይት ሳይደረግባቸው ይመለሳሉ። ግን እነሱም ቢሆኑ ከገምጋሚዎች የተፃፈ አስተያየት ይደርሳቸዋል፣ እሱ ወርቅ ነው። በ37 ወር ውስጥ አንዴ አሻሽሎ መልሶ ማስገባት ይቻላል፣ ከዛም በኋላ እንደ አዲስ ማመልከት ይቻላል።

«ከዚ ብር የወጣ የረባ ነገር የለም» ለሚለው ሶኒኬር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ እዩት፣ ገና ትንሽ ካምፓኒ እያለ ኤንአይኤች በኤስቢአይአር ደግፎታል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሰራው ሊፍትዌር ማንኪያም እንደዛው፣ ካምፓኒውን ጉግል በ2014 ገዛው።

«ሳምንት ሲቀረው እጀምራለሁ» ማለት ግን ራስን መጣል ነው። ለማመልከት የሚያስፈልጉት የመንግስት ድረገፆች ምዝገባዎች፣ ማለትም ሳም፣ ግራንትስ ዶት ጎቭ፣ ኢራ ኮመንስ እና የኤስቢኤ (የአነስተኛ ንግድ መስሪያ ቤቱ) ምዝገባ ሁሉም መጠናቀቅ አለባቸው፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መጀመር ነው። እና ደግሞ ፕሮግራሙ ዘላለማዊ አይደለም፣ ኮንግረስ ነው በየጊዜው የሚያራዝመው፣ በ2022 ለሶስት አመት አራዝሞት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጊዜው አልቆ ነበር፣ ስለዚ አንድ መስመር ከመፃፋችሁ በፊት የምታመለክቱበት ጥሪ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።