የተሰበረ ስተድ፦ ጋራዥ ውስጥ የሚወራውና እውነታው

የኮሮላ ሞተር ተፈቷል። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጠረጴዛ ላይ ነው። የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ (ጭሱን የሚሰበስበውን ቱቦ) ከሚይዙት ስተዶች አንዱ ግን ዝጎ፣ ጥርሱ ተበልቶ አልወጣም ብሏል። ስተድ ያው ራስ የሌለው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ብሎን ነው። ይሄኔ አጠገባችሁ የቆመ ሁሉ መካኒክ ይሆናል።

«ቱቦ ጨምርበትና ጎትተው!»

ይህን ምክር ሰምቼ አንድ ስተድ ሰብሬያለሁ። ከመሰበሩ በፊት መፍቻው ድንገት ለስለስ አለኝ። ተፈታልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ስተዱ እየተጠመዘዘ ነበር! ያ ልስላሴ ከተሰማችሁ ወዲያው አቁሙ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነክራችሁ ማሳደር ይሻላል። በማግስቱ ጥቂት መፍታት፣ መልሶ ማጥበቅ፣ እንደገና መፍታት።

«በፒንሳ ነክሰህ አዙረው።»

ስተዱን ልትጥሉት ከሆነ ይሁን። የውጪው ጥርስ ደህና ከሆነ ግን ሁለት ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቅ ባለ ጥርስ ቀለበት) አስገቡና እርስ በርስ አጥብቋቸው። ከዚያ የታችኛውን ዳዶ በመፍቻ ፍቱ። ስተዱ አብሮ ይዞራል።

«ስተዱን ቀይ እስኪሆን አግለው።»

ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ መሞቅ ያለበት በዋናነት የስተዱ ዙሪያ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይላላል። ታዲያ በልክ! አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም።

«ቢሰበርም ማውጫ አለው፣ ችግር የለም።»

ብዙ ቴስታታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማውጫው፣ ማለትም ስብርባሪው ተበስቶ ውስጡ የሚገባው ቀጭን መሣሪያ፣ በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ስለዚህም አይተጣጠፍም፣ ይሰበራል። ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ተራ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) አይበሳውም። ደግሞስ መፍቻ ያላወጣውን ስተድ ያ ቀጭን ነገር እንዴት ያውጣው? ስብርባሪው ትንሽ ብቅ ካለ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ በኩል መበየድ ይሻላል። የብየዳው ሙቀት ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ከቀዳዳው አፍ እኩል ተቆርጦ ከሆነ በፑንታ መብሳት ነው። ልክ መሃሉን በመምቻ ምልክት አድርጉ። በቀጭን ፑንታ ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ አሳድጉ። ፑንታው መሃሉን ከሳተ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ይሸሻል። ለ8 ሚሊሜትር ስተድ (የጥርሱ ርቀት 1.25 ከሆነ) ከ6.8 ፑንታ አትለፉ። የቀረውን ቅሪት በማስኪዮ (በቀዳዳ ውስጥ ጥርስ መቁረጫ) ታጸዳላችሁ።

«የቀዳዳው ጥርስ ከተበላ ቴስታታው ተጥሏል።»

ኧረ በጭራሽ። ሄሊኮይል የሚባል የጥቅል ሽቦ ጥርስ ይገባለታል፤ የድሮውን ልክ ስተድ መልሳችሁ ታስራላችሁ።

«ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ቢቀር ምን አለበት?»

ቀዳዳው ታችው ድፍን ከሆነ አለበት። ብሎን ሲጠብቅ ዘይቱ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ የሞተሩን ብሎክ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት በአየር ንፉት፤ ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ።