ስለ ኤልሳት ፈተና ሰዓት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው እሑድ ጎንደር ፒያሳ አንዲት ካፌ ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለናል። ኤልሳት እያጠናች ነው፤ አሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈተኑት ፈተና። ስልኬ ላይ 35 ደቂቃ ሞላሁላት። ለአንዱ ክፍል የሚሰጠው ይህችው ናት። ሰዓቱ ሲጮህ 7 ጥያቄ ገና አልነካችም። «አክስቴ፣ አልችለውም መሰለኝ» አለችኝ። ትችለዋለች። ችግሩ ከዚህም ከዚያም የሰማችው ምክር ነው።

«ቶሎ ያነበበ ቶሎ ይጨርሳል»

14ኛው ጥያቄ ላይ አየኋት። አንቀጹን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ ወደ ምርጫዎቹ ሄደች። ግራ ሲገባት ተመለሰች። ደግማ ሄደች፣ ደግማ ተመለሰች። 4 ደቂቃ በላባት። መጀመሪያውኑ ረጋ ብሎ ማንበብ ይሻላል። የአንቀጹ ጸሐፊ ሊያሳምነን የፈለገው ምንድን ነው? ምክንያቱስ? እነዚህን ሁለቱን ከያዙ በኋላ ምርጫዎቹን ማጣራት ቀላል ነው።

«ጥያቄ መዝለል ሽንፈት ነው»

ከባዱም ቀላሉም ጥያቄ ነጥቡ እኩል ነው። በአንድ የሎጂክ ክፍል (አጫጭር ክርክሮች የሚመረመሩበት ነው) 25 ገደማ ጥያቄ አለ፤ ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ቢደርሰው ነው። አንዱ ላይ 4 ደቂቃ ከተቀመጡ የሁለት ቀላል ጥያቄ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ምልክት ማድረጊያ አለ። ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ ሰዓት ከተረፈ መመለስ።

«ካላወቅሽው ባዶ ተዪው»

በፍጹም! ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ የቀረውን ሁሉ መሙላት ነው።

«ከጥያቄው ሥር የተደበቀ ነገር አለ»

እኛን ጎንደሬዎችን የሚያስቸግረን ይሄ ነው እላለሁ። ቅኔ ስንሰማ ስላደግን ሰሙን ትተን ወርቁን እንፈልጋለን። ይህ ፈተና የሚይዘን ግን በተጻፈው ቃል ነው። «ዝናብ ከጣለ ቅዳሜ ገበያ ይቀዘቅዛል። ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል።» ዘንቧል ማለት ነው? የእህቴ ልጅ «አዎ» አለች፤ ክረምታችንን ታውቀዋለችና። ግን አይደለም። ገበያው በሌላ ምክንያትም ሊቀዘቅዝ ይችላል። የራስን እውቀት ጨምሮ መከራከር ሰዓትም ነጥብም ይበላል።

«የድሮው መጽሐፍ ይበቃል»

ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ሎጂክ ጌም የሚባለው ክፍል ቀርቷል። ሰውን በቅደም ተከተል የመደርደር እንቆቅልሽ ላይ ወር የሚያጠፋ ልጅ ካለ አሁኑኑ ይተወው። የሚታረሙት ሁለት የሎጂክና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። ከእነዚህ ሌላ አንድ የማይታረም ክፍል ይጨመራል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገርም። ስለዚህ «ይሄ የማይታረመው ነው» ብሎ መዘናጋት አይሆንም።

«ሕግ የተማረም ይፈተነዋል»

እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ኤልኤልቢውን (የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪውን) ጨርሶ ለኤልኤልኤም፣ ማለትም ለሕግ ማስተርስ፣ የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው ኤልሳት አይጠየቅም። የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ኤልሳት ጄዲ ለሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ለመሆን ለሚማሩት ዋናው የሕግ ዲግሪ ነው። ማመልከቻውን ሳያነቡ ለፈተናው ወራት መልፋት ያሳዝናል።

አንድ የቀረኝ የቀጠሮው ሰዓት ነው። «ጠዋት 9:00» ተብሎ ከመጣ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋ አልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች።